የኮርማው ወተት

ሰውዬውን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ሚዛኑ በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። ትክክለኛ ስሙን የሚያስታውሱት እናቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው። ከብት ገበያ መሀል ቆሞ አንዱን ሰንጋ ከቀንዱ እስከ ጭራው አንዴ ገርመም ያደርግና ኪሎውን ይናገራል። ሰንጋው የብረቱ ሚዛን ላይ ሲወጣ ወይ የሰውዬው ግምት ልክ ይሆናል፣ ወይ ብረቱ ተበላሽቷል። እሱ እንደሚለው ነው እንግዲህ! ትሕትና የሚባለው ነገር በደጁም አላለፈም። ቢሆንም ሰው ይወደዋል፤ ጉረኛ ነው፣ ግን ጉራው ማንንም አይጎዳም።

ቤቱ ከከተማው ዳር፣ አስፋልቱ አልቆ ኮረቱ የሚጀምርበት ቦታ ነው። ፊት ለፊት ሁለት ክፍል፣ ከኋላ ቆርቆሮ የለበሰ ረጅም በረት፣ ከበረቱ ወዲያ በሽቦ የታጠረ ግጦሽ። ግጦሹ ሰፊ ነው እንጂ ለምለም አይደለም፤ ዝናብ የቀረ ዕለት መሬቱ ድንጋይ ነው። የሚያረባው የሥጋ ከብት ነው። ላሞቹ አይታለቡም፤ ጥጆቹ እናቶቻቸውን እየጠቡ ያድጋሉ፣ ጡት ሲጥሉ ወንዶቹ ይኮላሹና ይደልባሉ፣ ከዚያ ወደ ሥጋ ሻጩ ነው። ስለዚህ እዚህ ቤት የላም ወተት የሚለካው በባልዲ ሳይሆን በጥጃዋ ጎን ነው። ጥጃው ከወፈረ እናትየው ወተት አላት፤ ከከሳ የላትም፤ አለቀ።

እናም ሻሼ ነበረች። ግንባሯ ላይ ሻሽ ያሰረች የሚያስመስላት ነጭ ነበራት፣ ስሟም ከዚያ መጣ። ምን ዓይነት ላም መሰለቻችሁ! ከደረቅ ሣር ወተት የምታወጣ። በበጋ የሌሎቹ ላሞች አጥንት ሲቆጠር እሷ ጥጃዋን እንደ ከረጢት ትወጥራለች፣ ራሷም አትከሳም፣ በዓመቱ ደግሞ ታረግዛለች። አንድ ነገር ብቻ እምቢ አላት፤ ጊደር አልወለደችም። ወንድ፣ ወንድ፣ አሁንም ወንድ። ቤተሰቡ በዚህ አዝኖ አያውቅም፤ ገበያ የሚወጣው ሰንጋ ነው። የቤቱን ክዳን የቀየሩት የሻሼ ልጆች ናቸው፤ የሚዛኑን ታናሽ እህት አስተምረው ለሙያ ያበቁትም እነሱ ናቸው። ሁሉም ተኮላሽተው፣ ደልበው፣ ሄዱ። ሻሼ አርጅታ የመጨረሻ ልጇን ወልዳ ብዙም ሳትቆይ ታማ ስትወድቅ፣ ሚዛኑ ዞር ብሎ ቢያይ ከእሷ የቀረው እናት የሌለው አንድ ወንድ ጥጃ ብቻ ነው።

“ዘሯ ጠፋ በለኛ፣” አሉ እናቱ የበረቱን መቃን ይዘው።

“ላም እኮ ናት፣ እማዬ፣” አለና ወደ ጓሮ ዞረ። ለምን እንደዞረ እናቱ ገብቷቸዋል፤ ያን ያህል አሞኛቸው እንዳይመስላችሁ።

ጥጃውን በጡጦ ያሳደገው ራሱ ነው። ሌሎቹ ላሞች እየረገጡ አባረሩት። ትንሹ ፍጡር ጡጦውን ከመያዙ በፊት ሻሼ ትተኛበት የነበረውን ጥግ ሄዶ ያሸትታል፣ ይጮኻል፣ ተመልሶ ይመጣል። ሚዛኑ ደግሞ ጡጦውን ይዞ፣ “ና በል፣ የለችም አልኩህ እኮ፣” እያለ ይቆማል። ሰው ሲመጣ ድምፁን ቶሎ ያወፍራል።

ታናሽ እህቱ አዳቃይ ናት። ሞተር ብስክሌቷ ላይ የብረት ታንክ አስራ በየበረቱ እየዞረች፣ የተመረጡ ኮርማዎችን ዘር ለላሞች ታደርሳለች። ታንኩን ስትከፍተው ከብርዱ የተነሳ ነጭ ጉም ቡልቅ ይላል፤ ሰፈሩ ጉሚት ያላት ለዚህ ነው። ሚዛኑ ያን ጉም ባየ ቁጥር አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። እዚያ ውስጥ ዘራቸው ካለ ኮርማዎች አንዳንዶቹ ከሞቱ ዓመታት አልፈዋል፤ ልጆቻቸው ግን ገና አልተፀነሱም። ይህን አንድ ቀን ብትነግረው፣ “ተይ እባክሽ! ሰውነቴን ውርር አደረገኝ!” ብሎ እጁን አሻሽቷል።

ጥጃው ወይፈን ወደመሆኑ ሲቃረብ ሥጋ ሻጩ እንደ ልማዱ መጥቶ ጀርባውን መታ መታ አደረገውና፣ “ይሄ የእኔ ነው፣” ብሎ ሄደ። ሊኮላሽ ለቅዳሜ ተቀጠረ። አርብ ዕለት ጉሚት ብቅ አለች፣ ሰላምታም ሳትጨርስ ከወይፈኑ ጭራ ላይ ፀጉር ነቅላ ፖስታ ውስጥ ከተተች።

“ምን ልትሠሪበት ነው፣ ዊግ?” አላት ወንድሟ።

“ቅዳሜን ተወው፣ ወንድምጋሼ። ላቦራቶሪ ልላከውና ከፀጉሩ ሥር ዘሩን አይተው ልጆቹ ምን ዓይነት እንደሚሆኑ ይገምቱልን።”

“የቱ ልጆቹ? ነገ እኮ ነው የማኮላሸው!”

“ለዚያ እኮ ነው ተወው የምልህ!”

ለእህቱ እምቢ ማለት አይሆንለትም። ተነጫነጨ፣ ቅዳሜን ግን ተወው። ሰንበትበት ብሎ ውጤቱ ስልኳ ላይ ገባና፣ ሦስቱም ጠባቧ ክፍል ውስጥ ሻይ ይዘው ተቀመጡ። እናትየው አልጋው ጫፍ ላይ፣ ሚዛኑ በርጩማው ላይ፣ ጉሚት ጫማዋ ጭቃ ስለሆነ በሩ ሥር።

“ልጆቹ ሲወለዱ ቀለል ይላሉ፤ እናቶቻቸውን አያስጨንቁም፣” እያለች አነበበች። “እድገታቸው ከመካከለኛው ከፍ ይላል፣ ብዙም አይደለም። ወተት ደግሞ…”

“ምን?”

“ወተት።”

“የኮርማው?”

“የኮርማው።”

ሚዛኑ እንዳይደፋበት ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠ። “በሬ ወለደ ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ ታለበ ሲባል ግን ገና ዛሬ!” ብሎ በሳቅ ፈረሰ። እናቱም አፋቸውን በእጃቸው ያዙ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። በነጋታው ወሬው ገበያ ደረሰ። ወይፈኑ ወተቴ ተባለ። ሥጋ ሻጩማ፣ “ስታልበው ጥራኝ፣ ባልዲ ይዤ እመጣለሁ፣” እያለ አላፊ አግዳሚውን አሳቀበት።

ጉሚት ግን አልሳቀችም። ወንድሟ ሳቁ እስኪወጣለት ቀናት ጠበቀችና አንድ ማታ እናታቸው ባሉበት ጠየቀችው፤ “ሻሼ ወተቷን ከማን አገኘችው?”

“ከእናቷ ነዋ።”

“ከአባቷም ነው። አባቷ ጡት ነበረው እንዴ? ኮርማ ወተቱን ይዞት ይዞራል እንጂ አይጠቀምበትም፤ ለሴት ልጁ ሲደርስ ነው የሚታየው። ሻሼም ለወንድ ልጆቿ ሁሉ ካላት ግማሹን ሰጥታቸዋለች። እኛ እያኮላሸን ለሥጋ ሻጩ ሰጠነው፣ ወንድምጋሼ። ይሄኛው የመጨረሻው ነው።”

የሳቁ ትርፍራፊ ፊቱ ላይ ደረቀ። ያሳለፋቸው ሰንጋዎች አንድ በአንድ መጡበት፤ ቀዩ፣ ዳማው፣ ያ ቀንደ ጎባጣው። በየጀርባቸው ኪሎ ሲገምት የኖረ ሰው፣ ጎናቸው ውስጥ የሻሼን ወተት ይዘው መሄዳቸውን አላወቀም።

“ግን ግምት ነው፣” አለ ለመሸሽ።

“ግምት ነው።”

“እኔም እገምታለሁ።”

“አንተ የምትገምተው ፊትህ የቆመውን ነው። ይሄ የሚገምተው ገና ያልተወለደውን ነው። ደግሞ አልዋሽህም፣ ስለ አንዷ ልጁ አያውቅም። ልጆቹ ሲበዙ፣ ሁሉን ደምረህ ስታየው፣ ወደዚህ ያደላሉ ነው የሚለው። አንዷ ደረቅ ልትሆን ትችላለች። ልጆቹ ገና ስላልታዩም የሚታመነው በመጠኑ ነው።”

“ታዲያ ምን ብለሽ ነገርሽኝ?”

“በመጠኑ ማለት በባዶ ማለት አይደለማ!”

እናትየው ጣልቃ ገቡ። “ቢላዋው የትም አይሄድብህ፣” አሉ። “የእሷን ልጅ አንዴ ካኮላሸኸው ግን እንደገና ኮርማ አታደርገውም። ልጆቹን እስክናይ ምን አስቸኮለህ?”

አሁን የሚዛኑን ጠባይ ማወቅ አለባችሁ፤ መሀል የሚባል ነገር አያውቅም። ከሳቁ በቀጥታ ወደ እምነት ዘለለ። “እንግዲያው ላሞቹን ሁሉ ለወተቴ! እንዲያውም ከእሱ የበለጠ ወተት ያለው ታንክሽ ውስጥ ካለ አምጪው!”

“ኧረ ቀስ!” አለች እህቱ። “አለ፣ ግን አልሰጥህም። ግጦሽህ ደረቅ ነው። ከመጠን ያለፈ ወተት ያላት ላም ያላትን ሁሉ ለጥጃዋ ትሰጥና እሷ ትከሳለች፣ በዓመቱም አታረግዝም። የወተቴ ለዚህ መሬት በቂ ነው። እሱንም ቢሆን ለጥቂቶቹ ብቻ። ለተቀሩት ላሞች፣ ልጆቹ በየበረቱ ታይተው የተረጋገጠለትን ኮርማ አደርግልሃለሁ። ደግሞ ሰኮናውን፣ አረማመዱን፣ ጠባዩን አንተ እይልኝ፤ የላኩልኝ ቁጥር ስለዚያ አንድም ቃል የለውም።”

ይህ የመጨረሻው ነገር ደስ አሰኘው። ወተቴን ሲያስኬደው፣ ሲያቆመው፣ ሰኮናውን ሲያነሳ ዋለ። ለሥጋ ሻጩም በሩ ላይ እንዲህ አለው፤ “የሴት ልጆቹን ጥጆች አይቼ የሻሼን ወተት ካጣሁባቸው ትወስደዋለህ። ቃሌ ነው።”

“እስከዚያ እኔስ እኖራለሁ?” አለ ሥጋ ሻጩ።

ከብት ማርባት ትዕግሥት ነው የሚሉ ሰዎች ሚዛኑን አላዩትም። ላሞቹ አርግዘው የወተቴን ልጆች ሲወልዱ፣ ትንንሽ ናቸው ብሎ ቅር አለው። “ጥጃ ነው ወይስ ድመት?” አለ። ጉሚት ግን አንድም ላም ሳትጨነቅ መውለዷን አስቆጠረችው። ከሴቶቹ አንዷ ግንባሯ ላይ ነጭ ይዛ ስትመጣ ሰውዬው አበደ። ልክ እንደ ሻሽ! “መጣች! መጣች አልኳችሁ!” እያለ እናቱን እጃቸውን ይዞ አወጣቸው። ትንሿ ሻሼ ተባለች። በሻሼ ጥግ ታሰረች፣ ደህናው ድርቆሽ ለእሷ ሆነ። ሌሎቹ እህቶቿ አመድማ፣ ምልክት የሌላቸው፣ እርስ በርስ የሚምታቱ ነበሩና ስም እንኳ አልደረሳቸውም። “እነዚያ” ነው የሚላቸው።

ዝናቡ በቀረበት ዓመት ከእነዚያ ሊሸጥ ፈለገ።

“ግንባርና ጡት ምን አገናኛቸው?” አለች ጉሚት። “አባታቸው አንድ ነው። ነጩን ለትንሿ ሻሼ ሰጥቶ ወተቱን ለሌላዋ ሰጥቶ እንደሆነ በምን ታውቃለህ?”

“ዓይን አለኝ እኮ!”

“ዓይንህንማ ሰኮናቸው ላይ አድርገው!”

አደረገ። የአንዷ ሰኮና ገና ከአሁኑ ወደ ውጪ እንደሚጣመም አሳያትና፣ እህቱም ጎንበስ ብላ አይታ፣ “ልክ ነህ፣ ይቺ ትሂድ፣” አለች። አንዷ ሄደች። የቀሩት በግጦሹ ሩቅ ጫፍ፣ ከብቶቹ የሚጠጡበት ውሃ አጠገብ ቀሩ፤ ሰውዬውም ረሳቸው ማለት ይቻላል።

ጊደሮቹ ደርሰው የሚወልዱበት ወራት መጣ። ትንሿ ሻሼ በጠራራ ፀሐይ፣ ያለ ምንም ጣጣ ወለደች። የሚዛኑ ፊት በዚያ ቀን እንደ ሙሽራ ቤት በርቶ ዋለ። ጥጃው ጠባ፣ ተኛ። በሳምንቱ ጥጃው መጮኽ ጀመረ። ይጠባል፣ ጡቷን በግንባሩ ይጎስማል፣ ይጮኻል። የጎድን አጥንቱ ወጣ። ሚዛኑ ድርቆሽ ጨመረ፣ ውሃ አቀረበ፣ በየሰዓቱ ጎንበስ እያለ ጡቷን ዳሰሰ። ጡቷ እንደ ባዶ ኪስ ተንጠልጥሏል። ሳምንታት ሲቆጠሩ ያን የድሮውን ዓይነት ጡጦ አዲስ ገዝቶ ለትንሿ ሻሼ ጥጃ መያዝ ግድ ሆነበት። እዚያው ጥግ ላይ፣ ሌላ የተራበ ጥጃ ፊት ቆሞ፣ ሻሼ ለሁለተኛ ጊዜ የሞተችበት መሰለው። አለቀሰ፤ ሰው ቢያየውም ግድ አልሰጠውም።

“ያልሽው በሬ ወለደ ነው፣” አላት እህቱን በስልክ፤ እና ለሥጋ ሻጩ ደወለ። “ና ውሰደው።”

በነጋታው ጠዋት መኪናው ከመድረሱ በፊት የጉሚት ሞተር ብስክሌት ደረሰ። በረቱ ጋ አልቆመችም። ሽቦውን ከፍታ፣ ግጦሹን አቋርጣ፣ ወደ ውሃው ወረደች። ከዚያ ጥሪዋ መጣ፤ “ወንድምጋሼ! ና! ና እልሃለሁ!”

እየተነጫነጨ ሄደ። እነዚያም መውለዳቸውን ያውቃል፤ ግን ልቡ ትንሿ ሻሼ ዘንድ ስለነበር ከሩቅ ቆጥሯቸው ነበር የሚመለሰው። አሁን ቀረበ። ሣሩ ደረቅ፣ መሬቱ የተሰነጠቀ ነው። በዚያ መሬት ላይ ጥጆቹ እንደ በርሜል ተንከባለው ተኝተዋል። መጀመሪያ የሌላ ሰው፣ ዕድሜያቸው የገፋ ጥጆች አጥር ሰብረው የገቡ መሰለው። አንዱ ተነሳ፣ ወገቡን አንጠራራ፣ ወደ አንዷ አመድማ ሄደና ጎኗ ሥር ገባ። ሳይጎስም፣ ሳይጮኽ ጠባ፤ ጥቂት ቆይቶ ሲመለስ አረፋው በአፉ ግራና ቀኝ ይንጠባጠብ ነበር። እናትየው አልከሳችም። አፏን እያመላለሰች ቆማ ሚዛኑን ታየዋለች።

ቀጥሎ ሌላዋ። ቀጥሎ ያቺ። “የዚያችኛዋ ጥጃ እንደ ማንኛውም ጥጃ ነው፣” አለች ጉሚት፣ አንዷን እያሳየች። “ሁሉም አይደሉም፤ ሁሉም ናቸው አላልኩህም። የቀሩትን ግን እያቸው።”

አይቷቸዋል። የአንዱንም ኪሎ መገመት ረሳ። ነጭ ግንባር የላቸውም፣ ስም የላቸውም፣ በዚህ ድርቅ ማንም እህል አላቀመሳቸውም። ሻሼን አንዲት ላም ውስጥ ሲፈልግ ዓመታት ፈጀ፤ እሷ ለካ እዚህም እዚያም ቆማለች። ባርኔጣውን አወለቀ። ለምን እንዳወለቀው እሱም አያውቅም።

“ጉሚት፣” አለ ድምፁ ቀጥኖ፣ “ይሄ ነገር ያስፈራል እኮ።”

“እኔንም ያስፈራኛል፣” አለች እህቱ። “ሥራዬ ሆኖም ያስፈራኛል።”

የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ሚዛኑ ሮጠ፤ እሱን የሚያህል ሰው በዚያ ዕድሜ ሲሮጥ ከብቶቹም ቀና ብለው አዩት። ሲደርስ ሥጋ ሻጩ ገመዱን ትከሻው ላይ አድርጎ ከወተቴ ጋጣ ፊት ቆሟል፤ እናትየው በበሩና በሰውዬው መሀል ገብተው መቀመጫ እንዲያመጣላቸው እያዘዙት ነበር፤ ጊዜ ሲገዙ ነው።

ሚዛኑ ሥጋ ሻጩን አላየውም። ጋጣውን ከፍቶ ገባ። ግዙፉ ኮርማ ድርቆሹን እያላመጠ ዞረ፤ ሰውዬው አንገቱን በሁለት እጁ አቀፈው።

“አንተ፣” አለው፣ “ጡጦ ይዤ ቆሜ፣ እሷን እየፈለግክ ስትጮኽብኝ አልነበር? አንድ ሳምንት እንኳ ጠግበህ አልጠባህም እኮ! አንተ ያልጠገብከውን ወተት፣ ለልጅ ልጆችህ ከየት አመጣህላቸው? የት አስቀምጠህ ቆየኸው?”

ወተቴ የሚያላምጠውን ዋጠና እጁን ላሰ።

ሥጋ ሻጩ ዘወትር ቀልድ የማያጣ ሰው ነው። አሁን ግን ገመዱን ከትከሻው አወረደ፣ እናትየውን ቀስ ብሎ፣ “እማማ፣ እኔ እስከ ዛሬ ከዚህ ቤት ስንቱን ወሰድኩ?” አላቸው።

“ሁሉንም፣ ልጄ፣” አሉት እናትየው። “ከዚህ በቀር ሁሉንም።”